በተገላቢጦሽ የተገናኘ የትራክተር ባትሪ የሚያደርሰው የኤሌክትሪክ ጉዳትና አጠጋገኑ

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኘው ጎብዬና በዙሪያዋ የተዘረጋው የራያ ቆቦ ወረዳ ሜዳማ መሬት ለትራክተር እርሻ ከሚመቹ የሰሜን ወሎ ዞን አካባቢዎች አንዱ ነው። ከምዕራብ ተራሮች የሚወርዱት እንደ ጎሊናና ሆርማት ያሉ ወንዞች ለዘመናት ያከማቹት ደለል ሜዳውን ለም አድርጎታል፤ ማሽላና ጤፍ የአካባቢው ዋነኛ ሰብሎች ናቸው። አቀንጭራን ከሚቋቋሙት የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» የሚል ስያሜ የተሰጠው መሆኑም የአካባቢውን ስም ከሰብሉ ጋር አስተሳስሮታል።

ይሁን እንጂ በዚህ ቆላማ አካባቢ የዝናቡ ወቅት አጭርና የማያስተማምን በመሆኑ የእርሻው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነው። ጥቁሩ አፈር ሲደርቅ የበሬ ማረሻ አያስገባም፤ ሲረጥብ ደግሞ ትራክተሩን ራሱን ይይዛል። በሁለቱ መካከል ባሉት ጥቂት ቀናት አንድ ትራክተር ከቆመ ተራ ይዘው ሲጠብቁ የነበሩ በርካታ አርሶ አደሮች የዘር ጊዜ ያልፋቸዋል። ትራክተርን ከሚያቆሙ ብልሽቶች መካከል ደግሞ በአንድ ሰው የአንድ ደቂቃ ስሕተት የሚከሰተው የባትሪ ተገላቢጦሽ ግንኙነት፣ ማለትም የፖዘቲቩን ገመድ በነጋቲቭ፣ የነጋቲቩን በፖዘቲቭ ማሰር ይጠቀሳል።

ይህ ጽሑፍ ትራክተር የሚያስተዳድሩ የግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች ኃላፊዎች ስሕተቱ በሚደርስበት ጊዜ ምን እንደሚበላሽ፣ ምን እንደማይበላሽ፣ ጥገናውም በምን ቅደም ተከተል ሊካሄድ እንደሚገባ እንዲያውቁ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ፍሬ ነገር ጉዳቱ በአብዛኛው በጥቂት ክፍሎች ላይ ብቻ የሚያርፍ መሆኑ ነው። ትራክተሩን የሚያስወግደው ወይም ለወራት የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን፣ እርሱን ተከትሎ በችኮላ የሚደረገው ሙከራ ነው።

ስሕተቱ የሚመጣው ሁልጊዜ ከእውቀት ማነስ አይደለም። የባትሪው ራሶች ነጭ ዝገት ለብሰው የመደመርና የመቀነስ ምልክቱ ይጠፋል። ቀይ የነበረው ገመድ በዘይትና በአቧራ ጠቁሮ ከጥቁሩ አይለይም። ሌላው ምክንያት በገበያ ላይ ያሉት ባትሪዎች የራሶቻቸው አቀማመጥ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው፤ በአንዱ ፖዘቲቩ በቀኝ ሲሆን በሌላው በግራ ነው። በግዥ ወቅት የባትሪው ቮልትና አምፔር ሰዓት ብቻ ተጽፎ የራሱ አቀማመጥ ሳይጠቀስ ከቀረ፣ አዲሱ ባትሪ ሲቀመጥ አጭሩ ገመድ የሚደርሰው ወደ ተሳሳተው ራስ ይሆናል፤ ኦፕሬተሩም እጁ እንደለመደው ያስራል። ይህ የኦፕሬተሩ ብቻ ሳይሆን የግዥ መጠየቂያውም ስሕተት ነው ማለት ይቻላል።

ባትሪው ተገልብጦ ሲገናኝ በቅድሚያ የሚጎዳው ዲናሞው ነው። በሀገራችን ጋራዦች «ዲናሞ» የሚባለው በዛሬዎቹ ትራክተሮች ላይ በትክክለኛ ስሙ አልተርኔተር የሆነው መሣሪያ ነው። አልተርኔተር የሚያመነጨው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በመሆኑ ለባትሪ የሚስማማ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ እንዲሆን ዳዮድ በሚባሉ፣ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ክፍሎች ያልፋል። በተለመደው ሥሪት እነዚህ ዋና ዳዮዶች ስድስት ናቸው። ባትሪው በትክክል ሲታሰር ዳዮዶቹ የባትሪው ኃይል ወደ ዲናሞው ተመልሶ እንዳይፈስ እንደ በር ይዘጋሉ። ሲገለበጥ ግን ሁሉም በሮች በአንድ ጊዜ ይከፈታሉ፤ ባትሪው በዲናሞው ውስጥ አልፎ ከራሱ ጋር ኮንታክት ይፈጥራል። በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መስጠት የሚችል ባትሪ ለጥቂት አሥሮች አምፔር በተሠሩ ዳዮዶች ላይ ሲለቀቅ ዳዮዶቹ በቅጽበት ይቃጠላሉ።

በአብዛኞቹ ትራክተሮች የዲናሞው ወፍራም ገመድ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው በቁልፉ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ነው። ስለሆነም «ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ ምንም አልሆነም» የሚለው የተለመደ ማጽናኛ ለዲናሞው አይሠራም። ለመብራቶች፣ ለጌጆችና ከቁልፉ በኋላ ላሉት ክፍሎች ግን እውነትነት አለው። የባትሪ ማቋረጫ ማብሪያ ማጥፊያ የተገጠመለት ትራክተር ማቋረጫው ተዘግቶ እንደነበረ ከተረጋገጠ ጉዳት ላይደርስበት ይችላል። በመሆኑም ለምርመራው የመጀመሪያው ጥያቄ ቁልፉና ማቋረጫው በወቅቱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ ማወቅ ነው።

ከዲናሞው ቀጥሎ የሚጎዱት ፊውዞችና ገመዶች ናቸው። በዲናሞውና በባትሪው መካከል ዋና ፊውዝ ካለ እርሱ ቀድሞ ተቃጥሎ ሌላውን ሊያድን ይችላል። ዋና ፊውዝ በሌላቸው አሮጌ ትራክተሮች ግን ገመዱ ራሱ ፊውዝ ይሆናል፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ አጠገቡ ያሉትን ገመዶች ጭምር ያያይዛል። ሬዲዮ፣ ኤሌክትሮኒክ ፍሬቻ ማብሪያ፣ ዘመናዊ የጌጅ ሰሌዳ፣ በተለይም የሞተር መቆጣጠሪያ ኮምፒውተር ቁልፉ ተከፍቶ ከነበረ ለጉዳት የተጋለጡ ናቸው።

የማይጎዱት ክፍሎች የበለጡ መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይታወቅም። አምፑሎች በየትኛውም አቅጣጫ ይበራሉ። የሞተር ማሞቂያ ካንዴላ ጉዳት አይደርስበትም። ሞተሪኖው የተለመደው በጥቅል ሽቦ ማግኔት የሚሠራ ዓይነት ከሆነ ባትሪው ቢገለበጥም በዚያው አቅጣጫ ይዞራል፤ ስለዚህ «ሞተሪኖው ዞሯል፤ ስለዚህ ግንኙነቱ ትክክል ነው» የሚለው መደምደሚያ ትክክል አይደለም። ቋሚ ማግኔት ያለው ሞተሪኖ ብቻ ወደ ኋላ ይዞራል። የናፍጣ ሞተሩም ፓምፑ በሜካኒካዊ መንገድ የሚሠራ ከሆነ የሚነካው ነገር የለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ከተቋቋመው ከቀድሞው ናዝሬት፣ ከአሁኑ አዳማ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ የወጡት ቤላሩስ ትራክተሮችና የዚያ ዘመን ማሴ ፈርጉሰኖች የዚህ ዓይነት ናቸው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የእርሻ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ ከፈቀደ በኋላ የገቡት ትራክተሮች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩም ስላሉ ከየሞዴሉ መመሪያ ማረጋገጥ ይገባል።

ስሕተቱ በታወቀበት ቅጽበት መደረግ ያለበት ገመዱን ማንሳት ነው። ብልጭታ በነበረበት ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ነክቶ «እስቲ እንየው» ማለት በዳዮዶቹ ላይ የቀረውን ከመጨረሱም በላይ አደጋ አለው። ባትሪ ሲሞቅና ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በአንድ ብልጭታ ፈንድቶ አሲዱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ባትሪው ካበጠ ወይም እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ካለው እስኪበርድ ድረስ ከአካባቢው መራቅ ይገባል። ዓይን ውስጥ የገባ አሲድ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያህል በብዙ ንጹሕ ውሃ እየታጠበ ተጎጂው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ሊወሰድ ይገባል። በማሳ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ጀሪካን ውሃ ከትራክተሩ ጋር መኖሩ ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚጓደል ጉዳይ ነው።

ምርመራው ከባትሪው ይጀምራል። ደኅና ባትሪ ለጥቂት ሰዓታት ካረፈ በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ከሆነ ቻርጁ ሊያልቅ ተቃርቧል። ቴስተሩ የመቀነስ ምልክት ካሳየ የቴስተሩ ገመዶች መገልበጣቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል፤ ካልተገለበጡ ባትሪው ራሱ በተሳሳተ አቅጣጫ ቻርጅ ተደርጓል ማለት ነው። ይህ ፈጽሞ ባዶ የሆነ ባትሪ በቻርጀር ላይ ተገልብጦ ሲታሰር የሚደርስ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ በአምፑል አማካይነት ባዶ አድርጎ በትክክለኛው አቅጣጫ ቀስ እያሉ መሙላት ይቻላል፤ ሆኖም ዕድሜው ስለሚያጥር ለእርሻ ወቅት የሚተማመኑበት አይሆንም።

ምልክቱ የጠፋ ባትሪን ለመለየት ቴስተር በሌለበት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የራሶቹን ውፍረት ማስተያየት ነው፤ በተለመደው የመኪናና የትራክተር ባትሪ የፖዘቲቩ ራስ ከሥሩ 19.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የነጋቲቩ 17.9 ሚሊ ሜትር ገደማ በመሆኑ በዓይን ይለያል። ሁለተኛው ከሁለቱ ራሶች ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ሽቦዎችን አውጥቶ ጫፋቸውን ሳያነካኩ ጨው በተጨመረበት ውሃ ውስጥ መንከር ነው፤ ብዙ አረፋ የሚወጣበት ጫፍ የነጋቲቩ ነው። ይህ ሙከራ በአየር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ብሎ ሊደረግ ይገባዋል።

የባትሪው ራሶች ከተለዩ በኋላ የትራክተሩ ቦዲ ከየትኛው ራስ ጋር እንደሚገናኝ መረጋገጥ አለበት። ዛሬ ነጋቲቩ ከቦዲ ጋር የሚታሰር ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ በእንግሊዝ ሀገር ከተሠሩት ትራክተሮች ብዙዎቹ ፖዘቲቩ ከቦዲ ጋር የሚታሰርባቸው ነበሩ። እንዲህ ያለ አሮጌ ትራክተር በእጅ ካለ የዛሬው ልማድ ራሱ ስሕተት ይሆናል።

ቀጥሎ ባትሪውን በቀጥታ ከማሰር ይልቅ በአምፑል መፈተን ያስፈልጋል። ይህ አንድ ኃላፊ ከባለሙያው ሊጠይቀው የሚገባ እጅግ ርካሽና ጠቃሚ ምርመራ ነው። ቁልፉና መብራቶቹ ሁሉ ጠፍተው የፖዘቲቩ ገመድ በትክክለኛው ራስ ይታሰራል። የነጋቲቩ ገመድ ግን ከባትሪው ራስ ጋር በቀጥታ ሳይገናኝ በመካከላቸው 12 ቮልት፣ 21 ዋት የሆነ የፍሬን መብራት አምፑል ይገባል። አምፑሉ ካልበራ በመስመሩ ላይ ኮንታክት የለም። በደማቁ ከበራ ኮንታክቱ አሁንም አለ ማለት ነው፤ ሆኖም አምፑሉ ፍሰቱን ስለሚገድበው ምንም አዲስ ጉዳት አይደርስም። እጅግ ደብዛዛ ብርሃን ከሆነ ሰዓት ወይም ሬዲዮ የሚወስደው አነስተኛ ኃይል ሊሆን ይችላል።

አምፑሉ እንደበራ የዲናሞው ወፍራም ገመድ ተፈቶ ጫፉ በናስትሮ ይጠቀለላል። በዚህ ጊዜ አምፑሉ ከጠፋ ጥፋተኛው ታውቋል፤ የዲናሞው ዳዮዶች ተቃጥለው ወደ ቦዲ ያሳልፋሉ። ካልጠፋ ሌሎቹ መስመሮች አንድ በአንድ እየተነቀሉ አምፑሉ የሚጠፋበት መስመር ይፈለጋል። በዚህ መንገድ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ብልሽቱ ያለበት ቦታ ይለያል። በቴስተር ማረጋገጥ ለሚፈልግ ባለሙያም፣ ከተፈታው ዲናሞ ፖዘቲቭ ራስና ከአካሉ መካከል በዳዮድ መለኪያው በሁለቱም አቅጣጫ ሲለካ በአንዱ ብቻ ማሳለፍ ይገባዋል፤ በሁለቱም ዜሮ ካሳየ ተቃጥሏል።

ዳዮዶቹ ተቃጠሉ ማለት ዲናሞው ሙሉ በሙሉ ይለወጥ ማለት አይደለም። በብዙ ሞዴሎች ዳዮዶቹ የተደረደሩበት ሰሌዳ ተፈትቶ ለብቻው ይለወጣል፤ ሬጉሌተሩም እንዲሁ። የጥቅል ሽቦው ጥቁር ሆኖ የተቃጠለ ሽታ ካለው ብቻ ሙሉ ዲናሞ መግዛት አሳማኝ ይሆናል። የጥገና ጥያቄ ሲቀርብ «ዲናሞ ተቃጥሏል» ከሚል ማስታወሻ ይልቅ የትኛው ክፍል በምን ምርመራ እንደተለየ የሚገልጽ አጭር ሪፖርት መጠየቅ ለመንግሥትም ሆነ ለማኅበር ገንዘብ ቁጠባ አለው።

የእርሻው ቀናት እያለፉ ባሉበት ወቅት ሌላም አማራጭ አለ። ፓምፑ ሜካኒካዊ የሆነ ትራክተር ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞ ሳይኖረው መሥራት ይችላል። የዲናሞው ገመድ ተነቅሎ በሚገባ ከተጠቀለለና በአምፑል ምርመራው ኮንታክት አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ ሌሊት በከተማ ቻርጅ በተደረገ ባትሪ አስነሥቶ ቀን ያለ መብራት ማረስ ይቻላል። በዚህ ጊዜ የናፍጣ ማቋረጫው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ባትሪው ቀስ በቀስ እንደሚያልቅ፣ የዲናሞው ቀበቶ የውሃ ፓምፑንም የሚያዞር በመሆኑ ሊነሣ እንደማይገባ ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ ዘላቂ መፍትሔ ባይሆንም፣ የዳዮድ ሰሌዳው ከወልድያ ወይም ከደሴ እስኪመጣ ድረስ የዘር ጊዜ እንዳያልፍ ሊያደርግ ይችላል። ኮምፒውተር ባለው ትራክተር ላይ ግን መሞከር የለበትም።

የተቃጠሉ ገመዶች በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ባሉት የመኪና ገመድ ሊተኩ ይገባል። ለቤት መብራት የሚውለው ባለ አንድ ክር ሽቦ በትራክተር ንዝረት ስለሚሰበር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፊውዝን በመዳብ ክር ወይም በሲጋራ ወረቀት መተካትም በቀጣዩ ጊዜ ፊውዙ ሳይሆን ትራክተሩ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው።

ኮምፒውተር ያለው ትራክተር አልነሣ ካለ በቅድሚያ የኮምፒውተሩ ፊውዞች በሙሉ መታየት አለባቸው። ብዙ አምራቾች ለዚሁ ስሕተት ብለው ፊውዙን በማቃጠል ኮምፒውተሩን የሚያድን መከላከያ ዳዮድ ስለሚያስገቡ፣ ዋጋው አነስተኛ የሆነ ፊውዝ ሳይታይ ውድ የሆነ ዕቃ ከውጭ እንዲገዛ ሊወሰን ይችላል። ፊውዞቹ ተለውጠው ካልሠራ ጉዳዩ የአስመጪው ድርጅት ባለሙያ ሥራ ይሆናል።

ጥገናው ሲጠናቀቅ የሚለካው ቮልት ማስረጃ ነው። ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ በባትሪው ራሶች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት አካባቢ መነበብ አለበት። ከ13 በታች ከሆነ ዲናሞው አይሞላም፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ስለተበላሸ ባትሪውን ያፈላዋል፤ ይህም በቆቦ ሙቀት የባትሪውን ውሃ በጥቂት ቀናት ይጨርሳል። ከስድስቱ ዳዮዶች አንዱ ብቻ የተቋረጠ እንደሆነ ዲናሞው ቢሞላም አይበቃም፤ በቴስተሩ የተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መለኪያ ከግማሽ ቮልት በላይ መታየቱ የዚሁ ምልክት ነው።

አልተርኔተር ሳይሆን የድሮው ዓይነት ዲናሞ ያላቸው ትራክተሮች ዳዮድ ስለሌላቸው ጉዳታቸው የተለየ ነው። በእነዚህ ላይ የተገለበጠው ባትሪ በዲናሞው ብረት ውስጥ የቀረውን ማግኔት ሊገለብጠው ይችላል፤ ከዚያም ባትሪው በትክክል ቢታሰርም ዲናሞው በተቃራኒው ያመነጫል፣ የሬጉሌተሩም መገናኛ ነጥቦች ይጣበቃሉ። መፍትሔው ማግኔቱን ወደ ቦታው መመለስ ነው። በሉካስ ሥሪት ዲናሞ ሞተሩ ቆሞ ከትንሹ ራስ ላይ ያለው ገመድ ይነቀልና ከቦዲው ጋር ካልታሰረው የባትሪ ራስ በመጣ ሽቦ ትንሹ ራስ ሁለት ሦስት ጊዜ ለቅጽበት ብቻ ይነካል። በሌሎች ሥሪቶች አሠራሩ ስለሚለይ መመሪያው መታየት አለበት።

ባትሪው ያለቀበትን ትራክተር ከሌላ ተሽከርካሪ በገመድ ለማስነሣት በሚሞከርበት ጊዜም ይኸው ስሕተት በከፋ መልኩ ይደርሳል። ገመዶቹ ሲገለበጡ ሁለቱ ባትሪዎች ተደምረው እርስ በርስ ስለሚቃጠሉ የሁለቱም ተሽከርካሪዎች ዲናሞ ለጉዳት ይጋለጣል። በመንገድ ዳር በቅርብ የሚገኘው የጭነት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ባለ 24 ቮልት መሆኑም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፖዘቲቭና ነጋቲቩ በትክክል ቢታሰር እንኳ ለ12 ቮልት የተሠራውን ትራክተር አምፑሎችና ኤሌክትሮኒክ ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላል።

በአስተዳደር በኩል አንድ ነገር መታሰብ ይኖርበታል። ስሕተቱን የፈጸመ ኦፕሬተር የሚጠብቀው የደመወዝ ቅጣት ብቻ እንደሆነ ካወቀ የሆነውን አይናገርም፤ ባትሪውን በትክክል መልሶ አስሮ «በራሱ ጊዜ ቆመ» ይላል። መካኒኩም ምክንያቱን ሳያውቅ ከናፍጣ ፓምፑ ጀምሮ መፍታት ይጀምራል። ስለሆነም በዕለቱ በግልጽ የተነገረን ስሕተት ከተደበቀው ለይቶ ማየት ለጽሕፈት ቤቱ በገንዘብ ረገድ ጭምር ይጠቅማል። በትራክተሩ መዝገብ ላይ ሰዓቱ፣ የቁልፉ ሁኔታ፣ ብልጭታ ወይም ጭስ የታየበት ቦታና ባትሪው ስንት ጊዜ እንደተነካ ሊጻፍ ይገባል።

አዲስ ባትሪ በሞዴል 19 ገቢ ሲደረግ የራሶቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር መመሳሰሉን ንብረት ክፍሉና ኦፕሬተሩ በጋራ ቢያዩ፣ በሞዴል 22 ወጪ ከመሆኑም በፊት የፖዘቲቩ ራስና ገመዱ በቀይ ቀለም ቢቀቡ የሚጠይቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ባትሪ ሲፈታ ከቦዲ ጋር የታሰረው ገመድ በመጀመሪያ ይነሣል፤ ሲታሰር ደግሞ በመጨረሻ ይገባል። ይኸው ቅደም ተከተል ለመጠጥ ውሃና ለመስኖ ጉድጓዶች ጄኔሬተሮችም ያገለግላል፤ በእነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ባትሪዎች ተያይዘው 24 ቮልት ስለሚሰጡ ከመፈታታቸው በፊት የአገናኝ ገመዱን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ሥሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።